ደንገጎ ላይ መሪው የሚቀልለው ሚኒባስ

አልጋና ማብሰያ የገጠምንለት ሚኒባስ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ መሪው ይቀል ነበር። ጋራዥ “ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ) ቀይር” አሉኝ። አቦ፣ ባሌስትራው ደህና ነው!

ውሃ፣ ነዳጅና ሰው እንደያዘ የመኪና ሚዛን ላይ አወጣሁት። የፊትና የኋላ አክስሉን (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ) ለየብቻ አስመዘንኩ። ጠቅላላው ከተፈቀደው በታች ነው፤ የኋላው ግን አልፏል። ጉዱ ውሃው ነው። 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው፤ በርሜሉ ደግሞ ከኋላ ጎማ ጀርባ ነበር። እዚያ የተጫነ ነገር ፊቱን ያነሳል፣ መሪውም ይቀላል። ከፊት የተነሳው ጭነትም ኋላው ላይ ይደመራል።

በርሜሉን አውጥቼ በሃያ ሊትር ጀሪካኖች ተካሁት። ግማሽ የሆነ በርሜል ጥምዝ ላይ ይናወጣል። ጀሪካኖቹን በሁለቱ አክስሎች መካከል ወለሉ ላይ አሰርኳቸው። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ፍራሽ ብቻ ቀረ። ጎማውን በሩ ጠርዝ ላይ በተጻፈው ልክ ነፋሁ፣ ማለዳ ሳይሞቅ። የድሬ ቀትር ላይ የተለካ ንፋስ አይታመንም።

ደግሜ ሳስመዝን የኋላው ገደቡ ውስጥ ገባ። መሪውም ያዘ። አሁን ከሐረር ድንች ስጭን የዚያን ያህል ኪሎ ውሃ እቀንሳለሁ።