ድሪቶ የማይመስል የጉልበት ልብስ ለጓደኛ እንዴት እንደሚሰራ

እናቴ የመጀመሪያ ስራዬን ስታይ «ለሰው ድሪቶ ልትሰጪ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ ደብረ ማርቆስ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተደራረበበት ልብስ የችግር ልብስ ነው። እኔ የምላችሁ ግን መሀሉ ጋቢ ያለበት፣ ሆን ተብሎ የተገጣጠመ፣ ቁጭ ሲሉ ጉልበት ላይ ጣል የሚደረግ ነገር ነው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌን ብርድ የቀመሰ ሰው ስጦታውን አይንቅም። ጓደኛችሁ ባሕር ዳር ከሆነች ግን የትራስ ልብስ ይሻላታል።

መጀመሪያ ጨርቅ ሰብስቡ። በዓል ሲደርስ ልብስ ሰፊዎች ጋ ቁርጥራጩ በጆንያ ነው የሚወጣው፤ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። እኔ የምወደው ግን የራሳችንን አሮጌ ልብስ ነው፦ የአንዷ ጓደኛዬ የተቀደደ ቀሚስ፣ የሌላዋ ሻሽ፣ የእኔ ያለቀ ነጠላ። ጥጥ ብቻ ምረጡ። ፖሊስተር ትኩስ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል። ከዚህ ሌላ ታጥቦ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሚሆን አቡጀዴና አንድ አሮጌ ጋቢ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም እጠቡ። ሁሉንም ነው ያልኩት፤ አዲሱንም፣ አሮጌውንም፣ ጋቢውንም፣ አቡጀዴውንም።

እኔ ሳላጥብ ሰፍቻለሁ። ለምታገባ ጓደኛዬ ነበር። ቀይ ጥለት ያለው አዲስ ፈትል ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር እያፈራረቅኩ ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የእጄን እድፍ ላስለቅቅ ብዬ ነከርኩት። ሳወጣው ጥለቱ ቀለሙን ለቆ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኗል። ሲደርቅ ደግሞ ባሰበት፤ አንዱ ቁራጭ ገባ፣ ሌላው ባለበት ቀረ፣ መሀሉ ተጨማደደ። ለሰርጉ ብርጭቆ ገዝቼ ይዤ ሄድኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ነው የሚሸምነው፤ በእጅ የተፈተለው ማግ ደግሞ ላላ ያለ ነው። ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይፈታና ክሩ ይሰበሰባል። የፋብሪካ ጨርቅም ይገባል፣ ግን በራሱ ልክ። ሁለቱን ሳታጥቡ ከሰፋችኋቸው ከተሰፉ በኋላ ይጣላሉ።

ጥለቱን ለብቻው ፈትሹት። ነጭ ጨርቅ በሙቅ ውሃ አርሳችሁ ጫን አድርጋችሁ እሹበት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያንን ጥለት ከነጭ ጎን አታስገቡት፤ አለቀ። ጨው ቀለም ያስይዛል የሚሉ አሉ። ጨውም ኮምጣጤም ሞክሬያለሁ፤ ኮምጣጤው ለሰላጣ ቢውል ይሻለው ነበር። የቀረውን ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ ተኩሱት። ካውያችሁ የከሰል ከሆነ አመዱን ውጭ አራግፉ።

ከካርቶን 17 በ17 ሳንቲሜትር የሆነ ልክ አውጡና በእሱ 36 ቁራጭ ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ሲሄድ 15 ይቀራል፤ ስድስት በስድስት ሲሰፋ ከዳር ዳሩ የስፌት ትርፍ ጋር 92 በ92 ይመጣል። ካርቶኑን በሌላ መቀስ ቁረጡት። ወረቀት የለመደ መቀስ ጨርቅ ያኝካል። የእኔን መቀስ ከቤተሰቡ ደብቄ ነው የማስቀምጠው። ፈትል ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር ዳሩን ወዲያው በማሽን ዚግዛግ አስመቱት፤ ማሽን ከሌለ በእጅ ጠልፉት።

መሬት ላይ ደርድራችሁ፣ ራቅ ብላችሁ አይታችሁ፣ ስድስት ስድስቱን በረድፍ ስፉ። የአንዱን ረድፍ የስፌት ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ ተኩሱ። ረድፎቹን ስታገናኙ ማዕዘኖቹ ሳይቆለሉ ይገጥማሉ። ድሪቶ የሚያስመስለው ማዕዘን ሲዛነፍ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እንዳለ አይሰፋም፤ ሦስት መርፌ ሰብሬበታለሁ። ስፌቱን ተርትራችሁ ሁለቱን ድርብ ብቻ 92 በ92 አድርጋችሁ ቁረጡ። አቡጀዴውን ከታች ወጥራችሁ አንጥፉ፣ ጋቢውን መሀል ላይ፣ ከዚያ የተገጣጠመውን ከላይ። በየጎኑ 4 ሳንቲሜትር አቡጀዴ ይተርፋል፤ እንዳትቆርጡት። ሦስቱን በረጃጅም ስፌት ከመሀል ወደ ዳር ወስውሷቸው። ከዳር ከጀመራችሁ መሀሉ ላይ አየር ያዘለ እብጠት ይቀራል።

ከዚያ በየመገጣጠሚያው ጎን በጥቃቅን ስፌት ሦስቱንም እያያዛችሁ ሂዱ። ይህን በማሽን የሚሰሩ አሉ፤ የእኛ ቤት የእግር ሲንጀር ጨርቁን እየገፋ ስላስቸገረኝ በእጅ ነው የምሰራው። ክሩን በጧፍ ሰም አሽታችሁ ተጠቀሙ፤ አይቋጠርባችሁም።

የተረፈውን አቡጀዴ ለሁለት አጥፋችሁ፣ እንደገና ወደ ፊት መልሳችሁ ዳሩን ዝጉበት። የወሰወሳችሁበትን ክር ምዘዙ። ይኸው ነው።

ያ ሮዝ የሆነውን እናቴ ወስዳ በርጩማዋ ላይ አነጠፈችው። ቡና ስታፈላ ትቀመጥበታለች። አሁንም «ያቺን ድሪቶ አቀብይኝ» ነው የምትለኝ።