ቤትዎን ለአካባቢ ተስማሚ ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነገሩ የሚጀምረው በቅን ልብ ነው። አንድ ቀን ቤትዎን ዙሪያውን ያዩና «ይሄ ሁሉ ፕላስቲክ፣ ይሄ ሁሉ ቺፕውድ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። በማግስቱ አንዱን ዕቃ ማውጣት፣ ሌላውን ማስገባት ይመጣል። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል።

ያለውን ጥሎ «አረንጓዴ» የተባለውን መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራበት። አንድ ሶፋ ቤትዎ ከመድረሱ በፊት እንጨቱ ተቆርጧል፤ ስፖንጁ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ተሠርቷል፤ ጨርቁ ተሸምኖ ቀለም ተነክሯል፤ ሁሉም ተጭኖ ተጓጉዟል። ከዚያ በኋላ ሶፋው መብራት አይፈጅ፣ ነዳጅ አይጠጣ። በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ገና ሲሠራ ደርሷል። ስለዚህ ቢጥሉት የወጣው አይመለስም። አዲሱ ሶፋ ደግሞ ያንኑ መንገድ ከሀ ይጀምራል፤ ምንም ዓይነት «ኢኮ» ቢለጠፍበት።

አምፖል ግን ሌላ ነው። በበራ ቁጥር ኃይል ይፈጃል። ኤልኢዲ አምፖል ከአሮጌው ባለ ክር አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ ስለሚጠቀም ዛሬውኑ ቢቀይሩት ያዋጣል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ ግን እስኪበቃው ድረስ ይጠቀሙበት።

የተጣለው የት ይሄዳል? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዳወጣው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያች አገር ብቻ 12.1 ሚሊዮን ቶን የቤት ዕቃ ተጥሏል። 80 በመቶ ያህሉ የተቀበረው በቆሻሻ ማከማቻ ነው። እንጨት፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅና ብረት በሙጫና በስቴፕል ተጣብቀው ስለሚመጡ እነሱን ለያይቶ መልሶ መጠቀም አድካሚ ነው።

የሚነቃነቀውን በሚስማር «መጠገን»

አሁን የምጽፍበት ወንበር እግሩ ይነቃነቅ ነበር። መጀመሪያ ሚስማር መታሁበት። ለጥቂት ቀን ጠንክሮ ቆመ፤ ከዚያ እንጨቱ በሚስማሩ በኩል ተሰነጠቀ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የላላው ሙጫው እንጂ እንጨቱ አልነበረም።

ትክክለኛው ሥራ ብዙም አይከብድም። እግሩን ከመጋጠሚያው ይንቀሉት። የደረቀውን አሮጌ ሙጫ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፋቁት፤ አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ በደንብ አይዝም። ከዚያ ቀብተው ያጋጥሙትና በሞርሳ ያጥብቁት። ሞርሳ ከሌለዎት እግሮቹን በገመድ ሁለት ዙር ይሰሩ፣ በገመዱ መሐል አጭር ዱላ ያስገቡና ያጠማዙት። ገመዱ ሲጠብቅ የተረፈው ኮላ በጠርዙ ብቅ ይላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት።

በማስታወቂያ ቃል መሸነፍ

«ተፈጥሯዊ»፣ «ግሪን»፣ «ኢኮ» የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም። ሻጩን ይጠይቁ። እንጨቱ ከየት መጣ? ምን ዓይነት ሙጫ አለበት? አንዱ ክፍል ቢሰበር መለዋወጫ አለው? መልስ ካጣ፣ ያው መልሱ ነው።

ለእንጨት በብዙ አገር የሚታወቀው ምልክት እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ኤፍኤስሲ (FSC) የተባለው፣ የደን አያያዝን የሚመሰክር ድርጅት የሚሰጠው ነው። ነገር ግን ምልክቱ ሦስት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንዱ እንጨቱ በሙሉ በአግባቡ ከሚተዳደር ደን የመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው ድብልቅ ነው ይላል። ሦስተኛው መልሶ ጥቅም ላይ ከዋለ እንጨት የተሠራ ነው ይላል። በትንሹ የተጻፈችውን ቃል ያንብቡ።

ቀርከሃንም በጭፍን አይመኑት። ተክሉ ድንቅ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ በአንድ ቀን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሆኖም የቀርከሃ ጠረጴዛ ወይም ወለል ማለት ብዙ ስንጥር በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ ነው። የሙጫው ዓይነት ወሳኝ ነው። «የቀርከሃ አንሶላ» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀርከሃው በኬሚካል ሟሙቶ የተፈተለ ቪስኮስ ነው። በዚያ ሥራ የሚገባው ካርቦን ዳይሰልፋይድ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና ይጎዳል።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍን አለአግባብ መያዝ

እነዚህን በሙጫ የተጨመቁ የእንጨት ሰሌዳዎች በጅምላ ማውገዝ ልክ አይደለም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከመሰንጠቂያ ቤት ፍርፋሪና ሰጋቱራ ነው፤ ይሄ ጥሩ ጎናቸው ነው። የሚያሳስበው ሙጫቸው ነው። ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ አለበት፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ጋዝ ነው። ሲገዙ ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነውን ይጠይቁ፤ አዲስ ሲገባም መስኮት ከፍተው ያናፍሱት።

ዕድሜያቸውን የሚያሳጥረው ግን ውሃ ነው። ያልተሸፈነ ጠርዝ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። ጠርዙን ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀቡት። ዕቃውን በየጊዜው አይፍቱት፤ ብሎን በገባና በወጣ ቁጥር ቀዳዳው ይላላል። ከላላ የክብሪት እንጨት ኮላ ቀብተው ቀዳዳው ውስጥ ይሙሉ፣ ሲደርቅ በካቻቢቴ መልሰው ያጥብቁት። በዚህ ብቻ ስንት ቁም ሳጥን ከመጣል ይድናል!

ያገለገለ ዕቃ ሳይፈትሹ መግዛት

ያገለገለ መግዛት ጎበዝ ምርጫ ነው። ብቻ ይፈትሹ። የሶፋውንና የፍራሹን ስፌት ገልጠው በባትሪ ይዩ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ስበው ያውጡና ማዕዘኑን ይመልከቱ። እንጨቱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ከሆነ ብዙ ዓመት አብሮዎት ይቆያል።

አሮጌ ቀለምን ደረቁን መፋቅ

እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ እንኳ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት አቧራው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እየዳኸ እጁን አፉ የሚከት ሕፃን ነው። ጥርጣሬ ካለዎት አይፋቁት። ያስመርምሩት ወይም ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት።

እንጨትን በተልባ ዘይት ማሸት ውብ ሥራ ነው። ያሹበትን ጨርቅ ግን ጨምድደው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይንከሩት።

አየር ያጠራል ብሎ ተክል መደርደር

ይህ እምነት የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1989 ናሳ በጠባብ የታሸገ ሣጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናቶቹን አሰባስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች የአንድን ቤት የተለመደ የአየር መመላለስ ለመተካት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ተክሉን ስለሚወዱት ያሳድጉት። ለአየሩ መስኮት ይክፈቱ።

ሲሰናበቱት መበታተን

ዕቃው ለእርስዎ አልሆን ካለ ለሌላ ሰው ያስተላልፉት፤ ግን ሙሉውን። ብሎን የጎደለው አልጋ ተቀባይ አያገኝም። ሲፈቱት ብሎኖቹን፣ ቁልፉንና የአገጣጠም ወረቀቱን በትንሽ ከረጢት ይቋጥሩና ከአልጋው እግር ጋር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት።