ወላጆቻችን እንዳይወድቁ ከወንበር መነሳት እንጀምር

"እማዬ አትነሺ እኔ አመጣልሻለሁ"፣ "አባዬ አንተ ቁጭ በል" እንላለን አይደል፣ ስለምንሳሳላቸው ነው፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእድሜ የገፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ባለ ቁጥር ለመውደቅ የበለጠ እየተጋለጠ ነው የሚሄደው። ለምን መሰላችሁ፣ እግር ሲደናቀፍ ቶሎ አንድ እርምጃ ሰንዝሮ ሰውነትን የሚያተርፈው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ካልሰራ ይሳሳል። ከ65 አመት በላይ ከሆኑ 3 ሰዎች አንዱ ገደማ በአመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ይወድቃል፣ አንዴ የወደቀ ሰው ደሞ ይፈራል፣ ሲፈራ መንቀሳቀስ ይተዋል፣ ሲተው የባሰ ይደክማል፣ እንደዛ እያለ ይቀጥላል።

ደስ የሚለው ግን ጡንቻ በ80 አመትም ቢሆን ካሰሩት ይጠነክራል። ባላንስና ጥንካሬ ላይ ያተኮረ እንቅስቃሴ መውደቅን ወደ ሩብ በሚጠጋ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ዎክ ማድረግ ለልብ በጣም ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን ከመውደቅ አያድንም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ከወንበር መነሳትን ነው የምመርጠው። ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበር ፈልጉና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት። ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፣ ከዛ ደረታቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው (ይሄን ሲረሱት መነሳት ይከብዳል) በእጃቸው ሳይገፉ ይነሱ። ሲቀመጡ ደሞ ዘጭ ማለት የለም፣ በልባቸው 1፣ 2፣ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብለው፣ ጡንቻውን በደንብ የሚያሰራው እሱ አወራረድ ነው። ትንፋሽ መያዝም የለም። ካቃታቸው በእጃቸው ይደገፉ ወይ ወንበሩ ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ጨምሩበትና ከፍ ይበል፣ ምንም ነውር የለውም። በ5 ጀምረው ሲቀላቸው 10 ያድርሱት፣ ከዛ አረፍ ብለው ይድገሙት።

ባላንስ ኪችን ውስጥ ሲንኩን ይዘው ነው የሚለማመዱት፣ ሲንክ አይንቀሳቀስማ። መጀመሪያ ሁለቱን እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዛ አንዱን ግማሽ እርምጃ ማስቀደም፣ ከዛ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር በቀጥታ መስመር ማገናኘት፣ መጨረሻ ላይ በአንድ እግር። እያንዳንዱ 10 ሰኮንድ። መጀመሪያ በሁለት እጅ ይያዙ፣ ከዛ በአንድ እጅ፣ ከዛ በጣት ብቻ። ተረከዝና ጣት አገናኝተው ሳይዙ 10 ሰኮንድ መቆም ካልቻሉ የመውደቅ አደጋቸው ከፍ ያለ ነውና ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እዛው እንደቆሙ በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለት፣ በተረከዝ ቆሞ ጣትን ማንሳት (ምንጣፍ ጠርዝ ላይ የሚያደናቅፈው የማይነሳ የእግር ጫፍ ነው)፣ ሲንኩን ይዞ ወደ ጎን መራመድ፣ 10 10 ጊዜ። እናንተ ከጎናቸው ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳቸውን ግን አትጎትቱ፣ መጎተት ራሱ ይጥላል።

የአለም ጤና ድርጅት እንዲህ አይነቱን በሳምንት 3 ቀንና ከዛ በላይ ይመክራል። "ስፖርት አልሰራም" የሚሉ ከሆነ ስፖርት አትበሉት በቃ፣ ከወንበር በተነሱ ቁጥር አንዴ ተቀምጠው እንደገና ይነሱ፣ ጥርስ ሲቦርሹ እግር ገጥመው ይቁሙ። ለውጡ ለመታየት ወራት ይፈልጋል፣ ሲያቆሙት ደሞ ይጠፋል፣ ስለዚህ ትንሽም ቢሆን አይቋረጥ።

መሃል ላይ ካዞራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይ ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው ይቁም። በቅርብ የወደቀ፣ ዳሌው ኦፕራሲዮን የተደረገ ወይ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ) ያለበት ሰው መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ህክምና ባለሙያ) ይየው። ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ደሞ ደም ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ፣ የሚወስዱትን መድሃኒት በተለይ የእንቅልፍና የግፊቱን ለሃኪም አሳዩ፣ እስከዛው አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ይነሱ። ጫማ ተረከዙ የተዘጋ ይሁን፣ በካልሲ ብቻ የሚያንሸራትት ወለል ላይ መሄድ የለም።

ከወደቁስ? ቶሎ ብድግ አታድርጓቸው። ዳሌያቸውን ካመማቸው፣ ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወይ እግራቸውን ማንቀሳቀስ ካቃታቸው እንዳሉ ይተኙ፣ ልብስ ደርባችሁ እርዳታ ጥሩ። ደህና ከሆኑ ግን ወደ ጎን ይገልበጡ፣ በእጅና በጉልበት ሆነው ወደ ወንበር ይጠጉ፣ ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው ጠንካራውን እግር ቀድመው ይትከሉ፣ ከዛ ተነስተው ዞር ብለው ይቀመጡ። ይሄንንም ፊዚዮቴራፒስት ባለበት ሳይወድቁ በፊት ቢለማመዱት፣ የወደቁ ቀን አይደናገጡም።