ሁለቱን አሸዋ ድንጋዮች የለየሁበት መንገድ

ሱሉልታ ቤቴ ሆኜ ለልምምድ የተሰጡኝን የሁለት ጉድጓዶች የጋማ ጨረር ልኬት (ዓለቱ ከራሱ የሚያወጣው ጨረር በየጥልቀቱ የተመዘገበበት፤ በጭቃ ድንጋይ ከፍ፣ በንጹሕ አሸዋ ድንጋይ ዝቅ የሚል) ሳነጻጽር አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ሁለቱም በተቀራራቢ ጥልቀት ወፍራም አሸዋ ድንጋይ አላቸው፤ በውስጣቸው ያለው የፈሳሽ ግፊት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ አንድ የተያያዘ አሸዋ ቢሆኑ ግን እንዲህ ባልተለያየ ነበር።

መፍትሔው የአንዱን ጉድጓድ አሸዋ ከሌላው አሸዋ ጋር ማያያዝን መተው ሆነ። አሸዋ በአጭር ርቀት ይለዋወጣል። የጥንቱ ባሕር ወደ የብስ እጅግ ገፍቶ በገባበት ጊዜ የተነጠፈው ቀጭን የጭቃ ድንጋይ ግን ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ጋማውም በእሱ ላይ ከፍ ይላል። ያንን ንጣፍ በሁለቱም ጉድጓዶች ፈልጌ እንደ ውሃ ልክ አግድም ዘረጋሁትና ሌላውን ሁሉ ከእሱ ተነሥቼ ለካሁ።

ያን ጊዜ ልዩነቱ ፈጠጠ። በአንደኛው ጋማው ወደ ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ጥራጥሬው እየሻከረ የሚሄድ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነው። የሌላው ግርጌ ድንገት ይቆረጣል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ወንዝ የቦረቦረውን ሸለቆ የሞላ፣ በዕድሜ የሚያንስ አሸዋ ነው። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ የፈሳሽ ማከማቻዎች ናቸው፤ ግፊታቸው ቢለያይ አይገርምም።

ለጀማሪ ከሶፍትዌሩ በፊት የጎጃምን መንገድ ይዞ ዓባይ በረሃ መውረድን እመክራለሁ። ከታች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጎሐ ጽዮን ጂፕሰም፣ ከዚያም የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፤ የባሕሩ አገባብ በገደሉ ላይ ተጽፏል።