ባዮጋዙ እምቢ ሲል መጀመሪያ መውጫውን ጉድጓድ እዩ

ምድጃው አልበራ ሲል ብዙ ሰው እበት ለመጨመር ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ ዝቃጩ (የተብላላው እበትና ውሃ) ወደሚወጣበት ጉድጓድ ሂዱ። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገጠሩ ያስፋፋው ማብላያ (እበቱ ተብላልቶ ጋዝ የሚሆንበት ጉድጓድ) ከመሬት በታች የተሠራ፣ የማይንቀሳቀስ ጉልላት ነው። ጋዝ ሲጠራቀም ዝቃጩን ገፍቶ በመውጫው በኩል ከፍ ያደርገዋል። ጋዙ ሲያልቅ ዝቃጩ ይወርዳል።

ዝቃጩ ከፍ ብሎ እሳት ከሌለ

ጋዝ አለ፤ መንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ጋዙ እርጥብ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውሃ ያቁራል። እሳቱ ብልጭ ድርግም የሚለውም ለዚህ ነው። የውሃ ማስወጫውን ከፍታችሁ አፍስሱት። በዚያ ሰዓት አጠገባችሁ እሳት አይኑር። ወጥ ገንፍሎ የደፈናቸውን የምድጃ ቀዳዳዎችም በመርፌ አጽዱ።

እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ

አየር አንሶታል። ሰማያዊ እስኪሆን የአየር ማስገቢያውን ክፈቱ።

ዝቃጩ ከወረደ

ማታ ጉልላቱ ላይ ያለውን ዋና ቫልቭ ዝጉና ጠዋት እዩ። ዝቃጩ ከፍ ካለ ጋዙ የሚያመልጠው ከቫልቩ ወዲህ፣ ወደ ምድጃው በሚመጣው ቱቦ ላይ ነው። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። በክብሪት መፈተሽ ግን በፍጹም! ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።

ጠዋትም ካልተነሳ ምግቡን መርምሩ። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ከ4 ከብት በቀን 40 ኪሎ ከተገኘ 1,600 ሊትር ነው፤ አንድ ምድጃ 4 ሰዓት ያህል ያነዳል። ግማሹን እየጨመራችሁ ሙሉ እሳት አትጠብቁ። እበቱና ውሃው እኩል ይሁኑ፤ ጭዱን ለቅማችሁ አውጡ። የኦሞ እጣቢ፣ በረኪና፣ አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበት አታስገቡ፤ ጋዙን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። በደጋ ሐምሌና ነሐሴ ምርቱ ቢቀንስ ብርዱ ነው፤ አትደንግጡ።

ማብላያው አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ጋዝ አይነድም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታል። ደጅ ልቀቁትና ቀጣዩን ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዝቃጩ ካልተነሳ ጉልላቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። የሠራውን ግንበኛ ጥሩ። ማብላያው ውስጥ ራሳችሁ እንዳትገቡ፤ ጋዙ ትንፋሽ ያሳጣል።