የዛገውን ብሎን አትጣሉት
የድሮ መኪና የምታድሱ፣ እባካችሁ የዛገ ብሎን ባያችሁ ቁጥር አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ የአምራቹ ምልክት ተቀርጾበታል፤ አንዴ ከተጣለ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። አልፈታ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አዙሩት። ሲወጣ በነጭ ኮምጣጤ ለአንድ ቀን ያህል ዘፍዝፉት፤ ጥቁር ቡናማው ቅርፊት ለስልሶ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ወዲያው በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይት ካልቀባችሁት ግን እንደገና ይዝጋል። ክሮም ወይም ዚንክ የተለበጠውን ኮምጣጤ ውስጥ አትክተቱ፤ ለክሮሙ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ውሃ አስነክታችሁ በቀስታ እሹት። የፍሬንና የመሪ ብሎን ከተበላ ግን ያለ ማመንታት ይለወጥ፤ አሮጌውንም ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በከረጢት አስቀምጡት።