የሒሳብ ተማሪዎቻችሁን አስጽፏቸው፤ ከብጣሽ ወረቀት ጀምሩ

ተማሪው 6 ÷ 1/2 ተሰጠው። 12 ብሎ መለሰ። ትክክል ነው፣ ራይት ይደረግለታል። አሁን ደግሞ «ለዚህ ስሌት የሚሆን አጭር ታሪክ ጻፍ» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «6 ሜትር ገመድ ነበረኝ። ለሁለት እኩል ቦታ ቆረጥኩት።» አያችሁ? ይሄ እኮ ለ2 ማካፈል ነው፣ መልሱም 3 ነው። ገመዱን በግማሽ በግማሽ ሜትር ብንቆርጠው ነበር 12 ቁራጭ የሚወጣው። ልጁ «ገልብጠህ አባዛ» የምትለዋን ሕግ ሸምድዷል እንጂ ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም፤ መልሱን ብቻ እያየን ብናርም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳናውቅበት ያልፋል።

በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማስጻፍ ላይ ሙጭጭ የምለው ለዚህ ነው። ድርሰት አጽፉ አላልኩም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ብጣሽ ወረቀት አስወጧቸውና አንድ ጥያቄ ስጡ። ጥያቄው ጠበብ ያለ ይሁን። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ካላችሁ «ክፍልፋይ ተማርን» ብለው ይገላገላሉ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሏል። እናንተ ሳትደምሩ መሳሳቱን እንዴት ታስረዱታላችሁ?» መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ዝም ይበሉ፣ አትቸኩሉባቸው። ከዚያ አንዷ «2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምሬበት እንዴት ያንሳል?» ብላ ትጽፋለች። ይህቺ ልጅ ታህቶቹን እኩል የማድረጉን መንገድ ነገ ብትረሳው እንኳ የተሳሳተ መልስ ስታይ ይከነክናታል።

ፊደል ስህተት አታርሙ። ማርክም አትስጡበት፤ ማርክ ካለው ልጆቹ የሚያስቡትን ትተው እናንተ የምትወዱትን ነው የሚጽፉት። በሚቀናቸው ቋንቋ ይጻፉ፣ ሥዕልም ይጨምሩበት። ስታነቡ ደግሞ ለያንዳንዱ መልስ ልጻፍ ካላችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። ወረቀቶቹን ሦስት ቦታ ብቻ ክፈሏቸው፦ የገባቸው፣ ሕጉን ይዘው ምክንያቱን ያላወቁት፣ ጨርሶ ያልገባቸው። በማግስቱ ከመሃለኛው ክምር ሁለቱን፣ ስም ሳትጠሩ፣ ሰሌዳ ላይ ገልብጡና ክፍሉ ይነጋገርበት። እኔ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የምተማመነው በዚህኛው ሰዓት ነው።

«ይሄ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የሒሳብ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ወላጅም ሊል ይችላል። ሒሳብ ግን ለረጅም ዘመን በቃላት ነው የተጻፈው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ አል ኽዋሪዝሚ ዛሬ x² + 10x = 39 ብለን የምንጽፈውን እኩልታ ያለ አንድ ምልክት፣ «ካሬውና የሥሩ አሥር እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ» በሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበር ያስቀመጠው። የእኩል ይሆናል ምልክት ራሱ የመጣው በ1557 ነው፤ ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ የሒሳብ ሊቅ «እኩል ነው» እያለ መደጋገሙ ሰለቸውና ከሁለት ትይዩ መስመሮች በላይ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ሁለት መስመር አሰመረ። ይህን ንገሯቸውና 8 + 4 = __ + 5 ስጧቸው። ባዶው ላይ 12 የሚሞሉ ይኖራሉ። ለነሱ ምልክቱ «መልሱ ይኸውልህ» ማለት ነው። እኩልታውን በቃላት ጻፉት ስትሏቸው ግን «8 እና 4 አንድ ላይ፣ ከአንድ ቁጥርና ከ5 ድምር ጋር እኩል ናቸው» ብለው ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው ጽፈው ሳይጨርሱ 12ን ይሰርዙና 7 ያደርጉታል።

ወረቀቱ ላይ «አልገባኝም» ብቻ ጽፎ የሚሰጣችሁ ልጅም አለ። አትቆጡት፣ ግን በዚያም አትልቀቁት። ወረቀቱን መልሱለትና «እስከ የትኛው መስመር ድረስ ገብቶሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። «እስከ 3x = 12 ገብቶኛል፣ ከዚያ 3ቱ የት ሄደ?» ብሎ ከጻፈ የነገው ትምህርት ከየት እንደሚጀምር እሱ ራሱ ነግሯችኋል።